ለሰላምታ ክንድሽን የምትሰጪው እናቴ

እማዬ፣

ካንቺ ከተለየን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ሙት ዓመትሽ ወጥቷል፤ እኔም ጥቁሬን ካወለቅኩ ሰነበትኩ። እንዴት ነሽ ብዬ ልጠይቅሽ አልችልም፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬም ልዋሽሽ አልፈልግም። በሕይወት ሳለሽ እርስ በርስ የተዋሸነው ይበቃናል።

ቤቱ እንዳለ ነው። የመኝታ ቤትሽ በር ዛሬም በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም። ልጄ ሶስና በቁመት አልፋኛለች፤ አሥረኛ ክፍል ገብታለች። ያንቺን አልጋ ወርሳለች፤ ብርድ ልብስሽን ግን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የሹሩባ ቤታችንም አልተዘጋችም። ወደ ወሎ፣ ወደ ትግራይ የሚሄዱት ሴቶች አሁንም ሻንጣቸውን በር ላይ ጥለው «ቶሎ በይልኝ፣ መኪናው ሊወጣ ነው» እያሉ ይቀመጣሉ። ሰው አገሩ ሲገባ ፀጉሩን ተሠርቶ ነው መግባት ያለበት ትዪ ነበር፤ ደንበኞቻችን ዛሬም ይህንኑ ያምናሉ። ወንበርሽ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እጀታውን በጨርቅ የጠቀለልሽውን ማበጠሪያ ግን ለማስታወሻ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በቅርቡ አወጣሁት።

ለምን እንዳወጣሁት ልንገርሽ። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው የጀመረኝ። አንድ ቀን ጠዋት የጥርስ ሳሙናውን ክዳን ልከፍት ብል ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ከሥራቸው አብጠው፣ ሞቅ ብለው፣ የሌላ ሰው ጣት መሰሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። በዓል ሰሞን ስንት ራስ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ከሳምንት በኋላ ግን ግራ እጄም በዚያው ቦታ፣ በነዚያው ጣቶች ላይ አበጠ። አንዱ እጅ ለሌላው የነገረው ይመስል። ጠዋት ጠዋት እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል፤ ሶስና እንዳታየኝ በር ዘግቼ በሙቅ ውኃ አሻቸዋለሁ። ያኔ ነው ማበጠሪያሽን ያወጣሁት። እጀታው ስለወፈረ ለመያዝ አያስቸግርም። ለካ ለጌጥ አልነበረም የጠቀለልሽው።

ያም ሆኖ የሆንኩትን ለራሴም አላመንኩም ነበር። አንድ ቀን ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሹሩባ ቤቱ ድረስ መጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? እጄን ቶሎ ብዬ ፀጉር ማርጠቢያው ሳህን ውስጥ ነከርኩና «እጄ እርጥብ ነው እትዬ» ብዬ ክንዴን ሰጠኋቸው። እሳቸውም ክንዴን ጨበጡና ሳሙኝ።

አንቺን ነው ያየሁት። ሰው ሲመጣ ባየሽ ቁጥር እጅሽን ሳህኑ ውስጥ ትነክሪ ነበር። ለሰርግም ለለቅሶም ስትሄጂ ሊጥ ነክቻለሁ፣ ቅባት ነክቻለሁ እያልሽ ክንድሽን ትዘረጊ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እኔ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ጣቶችሽን እንዳይጨብጡብሽ ነው ለካ። በገዛ እጄ እስካደርገው ድረስ አልገባኝም፤ እንዲህ ዓይነት ደደብ ልጅ ነው የወለድሽው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ የደም ምርመራዬ ውጤት ይነገረኛል። ፈርቻለሁ እማዬ። ውጤቱ መጥፎ እንዳይሆን ብዬ ብቻ አይደለም። ጥሩ ሆኖ እንዳይመጣም ፈርቻለሁ። ይህ እንዲገባሽ ከራሳችን ጉድ መጀመር አለብኝ።

ሕመምሽን ስንት ስም አወጣንለት! መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ የእንጦጦ ነፋስ አጥንቷ ገብቷል ተብሎ በግንቦት ሙቀት የሱፍ ካልሲ አደረግሽ። ቀጥሎ ሪህ ነው ተባለ፤ ሥጋ ከቤታችን ጠፋ፣ አንድ ፋሲካን እንኳ በሽሮ ፈታሽ። ጠበል ተጠመቅሽ፣ ቅባት ተቀባሽ። ሲጨንቀን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ትንሽ ነጭ ኪኒን ለዐሥር ቀን ጻፈልሽና ስትጨርሺ ተመለሺ፣ ዋናውን መድኃኒት ያኔ እንጀምራለን አለሽ።

በሦስተኛው ቀን ከአልጋሽ ያለ ድጋፍ ተነሣሽ። በሳምንቱ ላምበረት ወርደሽ የአራት ሴት ፀጉር ሠራሽ። የዳነ ሰው ሐኪም ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመለሳል? ኪኒኑ አልቆ እጅሽ ተመልሶ ሲያምሽ ያቺኑ ወረቀት ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሰውየው «ቀጥይ ተብላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ አዎ አልኩት። ከዚያ በኋላማ ለመድን። ወረቀቷ እጥፋቷ ላይ ስትቀደድ በፕላስተር ለጠፍኳት። ለዐሥር ቀን የታዘዘልሽን መድኃኒት ሦስት ዓመት ወሰድሽው። እየተመላለስኩ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ።

ፊትሽ ሞላ። ጉንጭሽ ተነፋ፣ አንገትሽ ወፈረ፣ እነዚያ የከሱ የፊትሽ አጥንቶች ጠፉ። ሠፈሩ በሙሉ ምን አለ? ተመቻት አለ። አማረባት አለ። እትዬ አስካለ «ልጅ እንዲህ ሲጦር ነው እንጂ!» እያሉ በሰው መሐል መረቁኝ። እኔም ኮራሁ። እማዬ፣ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ኮርቼ ነበር። የወፈርሽው በእኔ እንክብካቤ መስሎኝ ስሄድ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

እንጦጦ ፓርክ የወጣንበትን እሑድ አስታውሺ። ሶስና ከፊት እየሮጠች፣ አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ከተማውን ቁልቁል እያየሽ ዛሬስ ልጅ ሆንኩ ያልሽበትን ቀን። ያኔ ነው ያን ፎቶ ያነሣሁሽ፤ ጉንጭሽ ክብ ብሎ፣ እየሳቅሽ፣ እጆችሽ ነጠላው ውስጥ። ፎቶውን እንዳነሣሁ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆንጥረሽ ልታሸቺ እጅሽን ዘረጋሽ። ጣቶችሽ ቅጠሉን ሊይዙልሽ አልቻሉም። ሁለቴ ሞከርሽ፣ አመለጠሽ። እኔ በጥሼ ሰጠሁሽና ሳቅን። ፊትሽ ድኗል እያለ ጣቶችሽ ውሸቱን ነው እያሉኝ ነበር። ሰው ፊት ነው የሚያየው። እኔም ፊትሽን አየሁ።

ክረምት ሲገባ ሳልሽ። ጉንፋን ነው አልሽ። ግንባርሽን በመዳፌ ነካሁት፣ ትኩሳት የለም። በነጋታውም ነካሁት፣ የለም። ትኩሳት የሌለው ሰው ምን ይሆናል ብዬ ሥራዬን ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ከንፈርሽ ጠቁሮ አገኘሁሽ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሳንባዋ ተጎድቷል፣ ለምን እስካሁን ቆያችሁ አሉን። ትኩሳት የለባትም ነበር ብዬ ተከራከርኩ። ኪኒኑ ትኩሳቱንም አፍኖት እንደነበር የነገሩኝ ካለፍሽ በኋላ ነው። ለለቅሶሽ ፎቶ ሲፈለግ እኔው የእንጦጦውን መርጬ አሳደግኩት። ያየው ሁሉ «ውይ፣ እንዲህ አምሮባት!» እያለ ያለቅስ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የብስኩት ቆርቆሮሽን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረድኩ። ኪኒኖችሽ እዚያው ነበሩ። ለአንድ ቀን ብቻ አልኩ፤ ስድስት ሙሽሮች ቀጥረውኛል፣ ጣቴ ካልታዘዘኝ እንጀራዬ ነው የሚሄደው። አንዷን በሻይ ዋጥኩ። በማግሥቱ የጥርስ ሳሙናውን ክዳን ከፈትኩት። ደስታዬ! ከዚያ ለሳምንት ሆነ። ከዚያ ለወር።

ሰሞኑን ሶስና ምሳ ስትበላ ቀና ብላ አየችኝና «እማ፣ አያቴን መስለሻል» አለችኝ። አመስግና ነው። በእሑዱ እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አገኙኝና «ወፈርሽ እኮ፣ አማረብሽ!» አሉኝ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ሰኞ ሥራዬን ትቼ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ዶክተሯ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየተጫነች የቱ ጋ እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ከዚያ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁ ሴሎች ደማችን ውስጥ አሉ አለችኝ። በዚህ ሕመም ጊዜ እነሱ ይሳሳታሉ፤ የገዛ መገጣጠሚያችንን እንደ ባዕድ አይተው ያጠቁታል። ዘበኛው የቤቱን ባለቤት ሌባ ነው ብሎ ሲደበድበው ማለት ነው አለችኝ። እብጠቱና ሙቀቱ የድብደባው ምልክት ነው፤ ዝም ከተባለ አጥንቱን ራሱን ይበላዋል። የሁሉም ሰው ግን አንድ አይደለም። ሴሎቹ ምን ያህል እንደተቆጡ ነው የሕመሙን ክብደት የሚለየው። አንዳንዱ ላይ ቀስ ይላሉ፣ አንዳንዱ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ጣት ያጣምማሉ። ስለዚህ ደምሽን እናያለን፣ ቁጣው የቱ ድረስ እንደሆነ እንለካለን፣ መድኃኒቱንም በዚያው ልክ እንመርጣለን አለችኝ።

እያዳመጥኳት ያንቺን ጣቶች ነበር የማየው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘበኛውን በኪኒን እያስተኛን ድኗል ስንል፣ እሱ ለካ ነቃ እያለ ጣቶችሽን ሲያጣምም ነበር። እውነተኛው ሌባ ሲመጣ ደግሞ ተኝቶ ተገኘ።

ከዚያ ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሣችና የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የለም አልኳት።

ለምን እንዳልኩ አትጠይቂኝ። አፈርኩ። እናቷን በዚህ ኪኒን የቀበረች ሴት ራሷ ያንኑ ትውጣለች ብዬ እንዴት ልናገር? ደሜን ቀዱና ለሐሙስ ቀጠሩኝ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ መገናኛ ሳልደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። ያቺ ኪኒን ቁጣውን ታስተኛለች። ደሜም የተኛ ይመስላል። ዶክተሯ ቀላል ነው ብላ ቀላል መድኃኒት ትሰጠኛለች፤ ሥር ሥሩን ግን ይበላኛል። ይባስ ብሎ ምን እንደተመኘሁ ልንገርሽ? ቀላል ነው እንድትለኝ ተመኘሁ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ፣ ያንን ቃል ሰምቼ ወደ ወንበሬ ልመለስ ፈለግኩ። ቆርቆሮሽ አሁን ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ናት። ዛሬም ጠዋት አንዷን ውጫለሁ። እጄ ካልተፍታታ ይህን ደብዳቤ መጻፍ አልችልም ነበራ።

እማዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።

ጠዋት ስወጣ ቆርቆሮዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እናገራለሁ ብዬ አይደለም፤ ምናልባት ብዬ ነው። ወረፋው ረዥም ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ጣቶቻቸው ወደ አንድ ወገን ተጋድመው፣ በሁለት መዳፋቸው መሐል ነው የውኃ ጠርሙስ የሚይዙት። ክዳኑን ልክፈትልዎት አልኳቸው። ከፈትኩት። ዓይኔ ግን ከጣታቸው ላይ አልነሣ አለኝ።

ስገባ ዶክተሯ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ ክንዴን ሰጠኋት። ለመደብኝ፣ ሳላስበው ነው። ክንዴን አየች፣ ፊቴን አየች። ወረቀቱን ገለጠች። ሕመሙ እንዳለብሽ ደምሽ ያሳያል፤ ቁጣው ግን ዝቅተኛ ነው፣ የተኛ ይመስላል አለችኝ። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ጣቶችሽ የሚሉት ሌላ ነበር ስትል ለራሷ የምታወራ ትመስል ነበር። ወረቀቱን መልሳ አየችው። ለጊዜው የሕመም ማስታገሻ ልጻፍልሽ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንተያያለን አለችኝና እስክሪብቶዋን አነሣች።

የተመኘሁትን ሰማሁ። ተነሥቼ መሄድ ነበር የቀረኝ። ሦስት ወር! እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲጭር እሰማለሁ። እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ጨምሬያቸው ነበር። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ልክ እንደ እንጦጦው ፎቶሽ፣ እጆቼ ነጠላ ውስጥ ናቸው።

አወጣኋቸው። ቦርሳዬን ከፈትኩና ቆርቆሮሽን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ውሸቴን ነው አልኳት። ይህን እየወሰድኩ ነው። የእናቴ ነው። እናቴ ሞታለች።

ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። ያን ዕለት አስክሬንሽ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። ሐዘን ብቻ አልነበረማ፤ አምጥቼልሽ ነበር፣ እኔ ነኝ ያመጣሁልሽ እያልኩ ነው። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሯን አዙራ አጠገቤ መጣችና አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንቴ። የጻፈችውን ወረቀት ቀደደችው። ኪኒኑ በራሱ ጠላት አይደለም አለችኝ፤ እኛም እናዝዘዋለን፣ ግን በልኩና ለጊዜው ነው። ደግሞ ዛሬውኑ እንዳታቆሚው፣ በድንገት ማቆምም ይጎዳል፣ ደረጃ በደረጃ እናወርደዋለን አለችኝ። እጄንና ሳንባዬን ራጅ አስነሣችኝ።

ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ ስትመለከት የቆየችባት ጊዜ ረዘመችብኝ። አንዷ ጣቴ ሥር ያለው አጥንት ጫፉ ላይ በጣም ትንሽ ተበልቷል አለችኝ፤ ሌላው ደህና ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን ቀድመሽ መጥተሻል። የቀረውን ማቆም እንሞክራለን። እናድንሻለን አላለችም፤ እንሞክራለን ነው ያለችው። ተናድጄ ነበር መጀመሪያ። አሁን ሳስበው እውነት የሚናገር ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።

ዋናው መድኃኒት በሳምንት አንዴ ነው የሚወሰደው፤ ያ ያንቺ ሐኪም ተመለሺ፣ እንጀምርልሻለን ያለሽ ምናልባት ይኸው ነበር። ሥራው ቀስ ስለሚል ወራት መታገሥ አለብኝ። በየጊዜው ደሜ ይታያል። ካሳለኝ ደግሞ ትኩሳት ኖረም አልኖረም ወዲያው እመጣለሁ፤ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ደብዳቤውን ልጨርስልሽ።

ለሶስና ነገርኳት። ሁሉንም፤ ስላንቺም ስለ እኔም። ተቆጣችኝ። ለምን ደበቅሽኝ ብላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ያ በር ደግሞ በአንዴ አይዘጋም፣ ሁለቴ ገፋችው። ስትመለስ ስልኳን ይዛ ነበር። ውስጡ የማላውቀው ፎቶሽ አለ። ኪኒኑ ሳይጀመር፣ ሶስና ገና ሕፃን ሳለች ፀጉሯን ስትሠሪላት አባቷ ያነሣው ነው። ፊትሽ ከስቶ፣ ከንፈርሽን ነክሰሽ፣ ወደ ሥራሽ አጎንብሰሻል። ጣቶችሽም ይታያሉ። አብጠዋል፣ አንዱ መጣመም ጀምሯል። ግን የሶስናን ፀጉር ይዘዋል፣ ሹሩባውም ቀጥ ያለ ነው።

አሳትመነው ሳሎን ሰቀልነው። የእንጦጦውን አወረድኩት፤ አልጣልኩትም፣ አልበሙ ውስጥ ነው። እትዬ አስካለ ዛሬ ሊጠይቁን መጡና ገና ከበሩ አዩት። «ምነው ያንን ያማረውን አነሣችሁት? እዚህ ላይ እኮ ታማለች» አሉ። አዎ እትዬ፣ ታማለች አልኳቸው። እንዲያ ታማም ነው የሠራችን። አማረባት ያልነው ጊዜ ግን ማንም አላስታመማትም፤ እኔም ጭምር። ከዚያ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የራሳቸውን የእጅ አንጓ አሳዩኝ፤ አብጧል። ለካ ግድግዳ ብቻ አይደለም የምንጋራው። ለሚቀጥለው ቀጠሮዬ አብረን እንሄዳለን።

እማዬ፣ እስካለሁ አስታውስሻለሁ። ብዙ ሰው ፊትሽን ያስታውሳል፤ እኔ እጅሽን ነው የማስታውሰው። ሳህኑ አሁንም አጠገቤ ነው፤ ፀጉር ማርጠቢያ ብቻ ነው የሚሆነው። ሰው ሲመጣ እጄን አልነክርበትም። እጄን እሰጣለሁ፤ ቀስ አድርገሽ ያዥኝ፣ ያመኛል እላለሁ። እስካሁን ቀስ አድርጎ ያልያዘኝ ሰው አልገጠመኝም። አንቺንም እንዲሁ ይይዙሽ ነበር።

ልጅሽ መሠረት